ኤስተር በማይክሮዌቭ፦ ለቢቸናና ለሞጣ ከፍታ የተዘጋጀ የላቦራቶሪ መመሪያ

ኤስተር አሲድና አልኮል ሲዋሐዱ፣ ከመካከላቸው አንዲት የውሃ ሞለኪውል ወጥታ የሚገኝ ውህድ ነው። የበሰለ ሙዝና የአናናስ ሽታ በአብዛኛው የኤስተር ሽታ ነው። ከኑግና ከተልባ የሚጨመቀው ዘይት፣ ከወተት የሚናጠው ቅቤ፣ ግሊሰሮል የሚባለው አልኮል ከሰባ አሲዶች ጋር የተጣመረባቸው ኤስተሮች ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ጧፍ የሚሠራበት የንብ ሰምም አብዛኛው ክፍሉ ኤስተር ነው። ስሙ እንግዳ ቢመስልም ነገሩ ከጎጃም ቤት ጠፍቶ አያውቅም።

በዚህ መመሪያ የሚሠራው አይሶአሚል አሲቴት ነው። የሚገኘው ከአሴቲክ አሲድ፣ ማለትም ሆምጣጤን ሆምጣጤ ከሚያሰኘው አሲድ፣ እና ከአይሶአሚል አልኮል ነው። ይህ ኤስተር የተመረጠው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ አልኮሉ ለአካባቢው ቅርብ ነው፤ የአረቄ ድፍድፍ ሲብላላ እርሾው ከኢታኖል ጋር በጥቂቱ ያመርተዋል፣ አረቄው ሲወጣም አብሮ ይንጠባጠባል። ሁለተኛ፣ ውጤቱ የሙዝ ሽታ ስላለው ውድ መሣሪያ በሌለበትም በአፍንጫ ይታወቃል። ሦስተኛ፣ ንብ ስትናደፍ ሌሎችን ለመጥራት የምትለቀው ሽታ ዋና ክፍል ይኸው ውህድ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1962 ታውቋል። ቀፎ በበዛበት አገር ይህ በመጨረሻው ደረጃ ላይ የሚያስፈልግ ዕውቀት ነው።

ከፍታው ምን ይለውጣል?

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ የሚያገናኛቸው ሁለቱ የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች፣ ቢቸናና ሞጣ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት 75 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው፤ በባሕር ወለል ግን 101 ኪሎ ፓስካል ነው። ግፊቱ ሲቀንስ ፈሳሽ ሁሉ ቀድሞ ይፈላል። ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይፈላል። ኢታኖል ከ78 ወደ 71፣ አይሶአሚል አልኮል ከ131 ወደ 122 ይወርዳል።

ተማሪ ቴርሞሜትሩን የሚንተከተክ ውሃ ውስጥ ነክሮ 92 ሲያነብ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቴርሞሜትሩን ነው። ቴርሞሜትሩ ግን ልክ ነው፤ ትክክል ያልሆነው ለባሕር ወለል ተጽፎ የመጣው መጽሐፍ ነው። ደጋ ላይ ባቄላ ወይም አተር የቀቀለ ሁሉ ነገሩን በተግባር ያውቀዋል፤ ውሃው ይፈላል፣ እህሉ ግን ቶሎ አይበስልም።

ኤስተር መሥራትም እንደዚሁ ነው። በግምታዊ ሕግ የሙቀት መጠን በ10 ዲግሪ ሲጨምር የሪአክሽን ፍጥነት በእጥፍ ያድጋል። ስለዚህ በመጽሐፍ ላይ «በሚፈላ ውሃ ውስጥ 1 ሰዓት» የሚል ትእዛዝ ቢቸና ላይ በቀጥታ ከተፈጸመ ሥራው ከግማሽ ብዙም ሳያልፍ ይቀራል፤ የሚያስፈልገው ጊዜ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል ነው። የማይክሮዌቭ መሣሪያ ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል። ሥራው በተዘጋ ብልቃጥ ውስጥ ስለሚካሄድ ፈሳሹ የራሱን ግፊት ይፈጥራል፣ ከመፍያ ነጥቡም በላይ ይሞቃል። ክዳኑ አንዴ ከተዘጋ በኋላ ለብልቃጡ ሞጣም የባሕር ወደብም አንድ ናቸው። ከ92 ወደ 130 ዲግሪ መውጣት በዚያው ግምታዊ ሕግ ፍጥነቱን 14 እጥፍ ገደማ ያደርገዋል፤ የአንድ ሰዓት ሥራ ወደ አራትና አምስት ደቂቃ ይወርዳል።

ማይክሮዌቭ የሚሠራውና የማይሠራው

የላቦራቶሪውም ሆነ የኩሽናው ማይክሮዌቭ በ2.45 ጊጋ ኸርዝ ድግግሞሽ ይሠራል። አንዱ ጫፋቸው አሉታዊ፣ ሌላው አዎንታዊ ጠባይ ያላቸው ሞለኪውሎች ከሞገዱ ጋር ለመዞር ሲሞክሩ እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ ግጭቱም ሙቀት ይሆናል። እንደ ሰልፈሪክ አሲድ ያሉ አዮን የሚሰጡ ነገሮች ደግሞ አዮኖቻቸው ወዲያና ወዲህ ስለሚነዱ በፍጥነት ያሞቃሉ። በምድጃ ሙቀቱ ከዕቃው ግድግዳ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በማይክሮዌቭ ግን ፈሳሹ ራሱ ይሞቃል።

ሁሉም ፈሳሽ እኩል አይሞቅም። ማይክሮዌቭን ወደ ሙቀት የመቀየር አቅም መለኪያው ለኢታኖል 0.941፣ ለሜታኖል 0.659፣ ለአሴቲክ አሲድ 0.174፣ ለውሃ 0.123 ነው። ለኢታይል አሲቴት ግን 0.059 ብቻ ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ አልኮሎች ፈጥነው ይሞቃሉ፣ የሚገኘው ኤስተር ግን ማይክሮዌቭን እምብዛም አይቀበልም።

ዘዴው በስፋት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1986 በካናዳ የጌዳይ ቡድን፣ በአሜሪካም የጂጌር ቡድን ውጤታቸውን ባወጡ ጊዜ ነው። የጌዳይ ቡድን ከሞከራቸው ሥራዎች አንዱ ኤስተር መሥራት ነበር፤ ቤንዞይክ አሲድና ሜታኖል በተለመደው መንገድ 8 ሰዓት የፈጀባቸውን በተዘጋ ዕቃ ውስጥ በ5 ደቂቃ አገኙ። ከዚያ በኋላ ብዙዎች ማይክሮዌቭ ከሙቀት የተለየ ምሥጢራዊ ኃይል እንዳለው ጠረጠሩ። በግራዝ፣ ኦስትሪያ፣ የካፔ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2009 ማይክሮዌቭን ራሱ በሚውጥ የሲሊከን ካርባይድ ብልቃጥና በተራ መስታወት ብልቃጥ ተመሳሳይ ሥራዎችን በተመሳሳይ የሙቀት መጠን ሠርቶ አነጻጸረ። ውጤቱ አንድ ሆነ። ሥራውን የሚሠራው ሙቀቱ ነው።

ማይክሮዌቭ የማይሠራው ነገርም አለ፤ ሚዛኑን አይለውጥም። ኤሚል ፊሸርና አርተር ሽፓየር እ.ኤ.አ. በ1895 ባወጡት ዘዴ አሲድና አልኮል በጠንካራ አሲድ አፋጣኝነት ኤስተርና ውሃ ይሰጣሉ፤ ኤስተሩና ውሃው ደግሞ መልሰው አሲድና አልኮል ይሆናሉ። ሁለቱ ጉዞዎች ሲተካከሉ ሥራው የቆመ ይመስላል። እንዲህ ላሉ ሪአክሽኖች የሚዛን ቋሚው 4 ያህል ነው። አሲድና አልኮል በእኩል ሞል ከገቡ ወደ ኤስተር የሚለወጠው 67 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ አንዱ ሦስት እጥፍ ከሆነ የሌላው 90 በመቶ፣ አሥር እጥፍ ከሆነ 97 በመቶ ይለወጣል። ሰዓቱን ማራዘም ወይም ኃይሉን መጨመር ይህን ቁጥር አያሻሽለውም። የሚያሻሽለው አንዱን ጥሬ ዕቃ ማብዛት ወይም ውሃውን ማስወገድ ነው። በአረቄ ኤስተር ለመሥራት የማይሞከረውም ለዚህ ነው፤ ዳግም አረቄ እንኳ ከግማሽ የሚበልጠው ውሃ ስለሆነ ሚዛኑን ወደ ኋላ ይጎትተዋል።

ከመጀመር በፊት መሟላት ያለበት

ለዚህ ሥራ የሚሆነው ለኬሚስትሪ ተብሎ የተሠራ የማይክሮዌቭ ሪአክተር ብቻ ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ የሙቀት መጠንንና ግፊትን ይለካል፣ ያማስላል፣ ከገደብ ሲታለፍ ራሱን ያጠፋል፣ ሥራው ሲያልቅ በታመቀ አየር ያቀዘቅዛል። ሲኢኤም፣ ባዮቴጅና አንቶን ፓር ከሚታወቁት ሠሪዎች ናቸው። የምግብ ማይክሮዌቭ ለኦርጋኒክ ፈሳሽ ፈጽሞ አይሆንም። ግፊት አይለካም፣ እንፋሎት አያስወጣም፣ በውስጡም ብልጭታ ሊነሣ ይችላል። የአልኮል እንፋሎትና ብልጭታ ሲገናኙ እሳት ነው። በ1986ቱ ዘመን በቤት ማይክሮዌቭ የሠሩ ተመራማሪዎች ዕቃ ፈንድቶባቸዋል፤ የዛሬዎቹ መሣሪያዎች የተሠሩት ከዚያ ልምድ በመማር ነው።

ቢቸና ወይም ሞጣ ላይ ሪአክተር ከሌለ፣ ሥራው መሣሪያው ባለበት ዩኒቨርሲቲ ሊሠራ ወይም በኋላ በተገለጸው የውሃ ማሞቂያ ዘዴ ሊተካ ይችላል።

የሚዘጋጁት ነገሮች የሚከተሉት ናቸው።

• አይሶአሚል አልኮል 1.5 ሚሊ ሊትር (1.2 ግራም፣ 13.8 ሚሊ ሞል)
• ውሃ የሌለበት አሴቲክ አሲድ 2.4 ሚሊ ሊትር (2.5 ግራም፣ 42 ሚሊ ሞል)
• የተከማቸ ሰልፈሪክ አሲድ 3 ጠብታ
• የሶዲየም ባይካርቦኔት ሟሟ፣ 5 በመቶ (5 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ)
• ጨው እስከማይሟሟ ድረስ የተጨመረበት ውሃ
• ውሃ አልባ ሶዲየም ሰልፌት 0.5 ግራም
• 10 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የሪአክተሩ ብልቃጥ ከነክዳኑ፣ ትንሽ ማግኔታዊ ማማሰያ
• ከሥሩ መክፈቻ ያለው መለያ ፈነል፣ ፒፔት፣ ሚዛን
• የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ጓንት፣ የላቦራቶሪ ካፖርት

ሥራው የጭስ ማውጫ ባለው ሳጥን ውስጥ ይሠራል። ሳጥኑ ከሌለ ሁለት ተቃራኒ መስኮት ያለው ክፍል ይመረጣል፤ በአቅራቢያው ክብሪት፣ ሲጋራ ወይም ምድጃ አይኖርም። አሴቲክና ሰልፈሪክ አሲድ ቆዳ ያቃጥላሉ፤ ከነካ ወዲያው በብዙ ውሃ ለረጅም ጊዜ ይታጠባል።

አሠራሩ

1. ብልቃጡ ወደ ብርሃን ተይዞ ይመረመራል። ጭረት፣ ስንጥቅ ወይም የጠርዝ ስብራት ያለበት ብልቃጥ ግፊት አይሸከምም፤ ለዚህ ሥራ መዋሉ ያበቃል። ንጹሑ ብልቃጥ በደንብ ይደርቃል፤ የተረፈች የውሃ ጠብታም ሚዛኑን ወደ ኋላ ትጎትታለች።

2. ማማሰያው ወደ ብልቃጡ ይገባል። ከዚያ አይሶአሚል አልኮሉ፣ ቀጥሎ አሴቲክ አሲዱ በፒፔት ይለካል። አንድ ፒፔት ለሁለቱም አይውልም። አሲዱ የሚበዛው በምክንያት ነው፤ ትርፍ አሴቲክ አሲድ በውሃ ታጥቦ ይወጣል፣ ትርፍ አይሶአሚል አልኮል ግን ውሃ ውስጥ እምብዛም ስለማይሟሟ ከኤስተሩ ጋር ይቀራል።

3. ብልቃጡ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተይዞ ሰልፈሪክ አሲዱ ጠብታ በጠብታ ይጨመራል፣ ከእያንዳንዱ ጠብታ በኋላም ይነቀነቃል። የተጨመረው አሲድ ሳይቀላቀል ከሥር ከተቀመጠ ማይክሮዌቭ ሲበራ ያ ቦታ ብቻውን ይንቦገቦጋል፣ ፈሳሹም ይጠቁራል።

4. የፈሳሹ ከፍታ ይታያል። አጠቃላዩ 4 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሆነ 10 ሚሊ ሊትሩ ብልቃጥ ከግማሽ በታች ይሞላል። ከሁለት ሦስተኛ በላይ መሙላት ክልክል ነው፤ ፈሳሽ ሲሞቅ ይሰፋል፣ እንፋሎትም ቦታ ይፈልጋል። ብልቃጡ በሠሪው ክዳን ብቻ ይዘጋል፤ ሌላ ክዳን፣ ሽቦ ወይም ብረት አይገባበትም።

5. መሣሪያው እንዲህ ይስተካከላል፦ የሙቀት መጠን 130 ዲግሪ፣ በዚያ ሙቀት የመቆያ ጊዜ 10 ደቂቃ፣ ማማሰያ በርቶ፣ የኃይል ጣሪያ 100 ዋት፣ የግፊት ገደብ 10 ባር። የአሲዱ አዮኖች ፈጥነው ስለሚያሞቁ ከፍተኛ ኃይል አያስፈልግም። በ300 ዋት የተጀመረ ትንሽ ብልቃጥ ገና ሴንሰሩ ሳያውቅ ከተፈለገው ያልፋል። አብዛኛው መሣሪያ ሙቀቱን የሚያነበው ከብልቃጡ ውጪያዊ ግድግዳ ስለሆነ ውስጡ ከንባቡ ይቀድማል።

6. ሥራው ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች በዓይን ይጠበቃሉ። ጤናማ ጉዞ የሙቀት መስመሩ ያለ ዝላይ ወጥቶ 130 ላይ ሲረጋ፣ ግፊቱም በዝግታ ጥቂት ባር ሲደርስና ሲቆም ነው። ግፊቱ ማደጉን ካላቆመ ወይም የሙቀት መስመሩ ወደ ላይ ከተተኮሰ ማቋረጫው ይነካል።

7. ጊዜው ሲያልቅ መሣሪያው ያቀዘቅዛል። ብልቃጡ ከ40 ዲግሪ በታች ሳይወርድ አይነካም፣ አይከፈትም። መብራት በመሃል ቢጠፋ ይህ ትእዛዝ ይበልጥ ይጠብቃል። ኃይሉ ሲቋረጥ ማሞቂያው ይቆማል፤ ማቀዝቀዣውና የግፊት ንባቡም አብረው ይጠፋሉ፣ ብልቃጡ ግን ግፊት ይዟል። በሩ ተዘግቶ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆያል። መብራት ቢመለስም መጀመሪያ የሚደረገው የሙቀት መጠኑን ማንበብ ነው። ሥራው ከመጀመሪያው ሳይሆን በቀረው ደቂቃ ይቀጥላል፤ ሚዛን ላይ ለደረሰ ሪአክሽን ተጨማሪ ጊዜ ጥቅም የለውም።

8. ክዳኑ የጭስ ማውጫው ውስጥ፣ አፉ ከፊት ዞሮ፣ በዝግታ ይላላል። የመጀመሪያው የሙዝ ሽታ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው፤ የሆምጣጤው ሽታ ግን ገና ከላዩ ይኖራል።

ማጠብና ማድረቅ

በብልቃጡ ውስጥ አሁን ኤስተር፣ ውሃ፣ ትርፍ አሴቲክ አሲድ፣ ጥቂት አልኮልና ሰልፈሪክ አሲዱ አሉ። ማጠቡ ከኤስተሩ በቀር ያሉትን ደረጃ በደረጃ ያወጣል።

1. ፈሳሹ ወደ መለያ ፈነል ይገለበጣል፤ 5 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ይጨመራል። ፈነሉ ተዘግቶ በቀስታ ይገለባበጣል፣ ከዚያ ይቆማል። ሁለት ንብርብር ይታያል። የኤስተሩ እፍጋት 0.88 ስለሆነ ከላይ ይንሳፈፋል፤ የታችኛው ውሃ በመክፈቻው ይወጣል። ይህ አንድ ጊዜ ይደገማል። የትኛው ንብርብር ውሃ እንደሆነ ካጠራጠረ አንድ ጠብታ ውሃ ከላይ ይጨመራል፤ ጠብታዋ ሄዳ የምትቀላቀልበት ውሃው ነው። ሥራው እስኪያልቅ የትኛውም ንብርብር አይደፋም።

2. 5 ሚሊ ሊትር የባይካርቦኔት ሟሟ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል። የተረፈው አሲድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እያወጣ ይፈልቃል። ፈሳሹ ጸጥ ሳይል ፈነሉ አይዘጋም፤ ከተዘጋ በኋላም በየቅጽበቱ ተገልብጦ መክፈቻው እየተከፈተ ጋዙ ይለቀቃል። አረፋው እስኪጠፋና የሆምጣጤ ሽታው እስኪለቅ ድረስ እጥበቱ ይደገማል።

3. 5 ሚሊ ሊትር የጨው ውሃ ተጨምሮ ይለያል። ጨው በኤስተሩ ውስጥ የተሰወረውን ውሃ ወደ ራሱ ይስባል፣ ንብርብሮቹም ጥርት ብለው ይለያሉ።

4. ኤስተሩ ወደ ደረቅ ብልቃጥ ወጥቶ ሶዲየም ሰልፌት ይጨመርበታል። ዱቄቱ ከሥር ከተጣበቀና ከተጓጎለ ገና ውሃ አለ ማለት ነው፤ ጥቂት ይጨመራል። ብልቃጡ ሲነቀነቅ ዱቄቱ እንደ ደረቅ አሸዋ በነፃ ከተንቀሳቀሰና ፈሳሹ ከደፈረሰበት ከጠራ 10 ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ በጥጥ ወይም በማጣሪያ ወረቀት ተጣርቶ አስቀድሞ በተመዘነ ብልቃጥ ውስጥ ይገባል።

ውጤቱን ማረጋገጥ

መጀመሪያ ይመዘናል። አልኮሉ ሁሉ ቢለወጥ የሚገኘው 1.8 ግራም ነው። የሪአክሽኑ ሚዛን የሚፈቅደው 90 በመቶ ስለሆነ ጣሪያው 1.6 ግራም ገደማ ነው፤ በማጠብም የተወሰነ ይጠፋል። ከ1.6 ግራም በላይ የተገኘበት ተማሪ ደስ ሊለው አይገባም፤ በውስጡ ውሃ ወይም ያልተለወጠ አልኮል አለ፣ ማድረቁም መደገም አለበት።

ሽታው የሚሸተተው አፍንጫን ብልቃጡ ላይ በማድረግ ሳይሆን በእጅ ወደ ራስ በማራገብ ነው። ጥሩ ውጤት ንጹሕ የሙዝ ሽታ አለው። የሆምጣጤ ሽታ የባይካርቦኔት እጥበቱ እንዳነሰ ይናገራል፤ ጉሮሮ የሚይዝ የከረረ የአረቄ ዓይነት ሽታ ደግሞ አልኮል እንደቀረ ይናገራል።

ብዛት ያለው ኤስተር ተሠርቶ ከተጣራ የመፍያ ነጥቡ ይለካል። መጽሐፍ 142 ዲግሪ ይላል፤ ቢቸናና ሞጣ ላይ የሚጠበቀው ግን 131 ገደማ ነው። ይህን ያላወቀ ተማሪ ትክክለኛ ውጤቱን እንደ ስሕተት ይጥለዋል፣ ወይም ቁጥሩን ከመጽሐፉ ጋር ለማስማማት ይፈተናል። በመዝገብ ላይ የሚጻፈው የተነበበው ቁጥር ነው፣ ከጎኑም የቦታው ከፍታ።

ኢንፍራሬድ መሣሪያ ባለበት ሁለት ምልክቶች ይታያሉ። በ1740 cm⁻¹ አካባቢ ጠንካራ የኤስተር ምልክት መኖር አለበት፤ በ3300 cm⁻¹ አካባቢ ያለው ሰፊ የአልኮል ምልክት ደግሞ መጥፋት ወይም በጣም መድከም አለበት።

ሪአክተር በሌለበት

ያው ድብልቅ በወፍራም የሙከራ ቱቦ ውስጥ ይደረጋል። ቱቦው በተበሳ ቡሽ ይያዛል፣ በቡሹም 50 ሳንቲ ሜትር ያህል የመስታወት ቧንቧ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የሚነሣው እንፋሎት በቧንቧው ውስጥ ቀዝቅዞ ይመለሳል፤ አረቄ አውጪዋ እንፋሎቱን በመቃ አሳልፋ በቀዝቃዛ ውሃ ጠብ ጠብ እንደምታደርገው ነው፣ ልዩነቱ እዚህ ጠብታው ወደ ነበረበት መመለሱ ነው። የቧንቧው አፍ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ክፍት በሆነ ዕቃ የተዘጋ ብልቃጥን ለመምሰል መሞከር፣ ለምሳሌ ቧንቧውን መድፈን፣ አደጋ ነው።

ቱቦው በሚፈላ ውሃ ውስጥ ይቆማል። ውሃው የሚሞቀው በኤሌክትሪክ ምድጃ እንጂ በነበልባል አይደለም። በ92 ዲግሪ የሚያስፈልገው ጊዜ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ውሃው እየተነነ ስለሚጎድል የፈላ ውሃ እየተጨመረ ይጠበቃል። የማጠቡና የማረጋገጡ ደረጃ ምንም አይለወጥም፤ የሪአክሽኑ ሚዛን አንድ ስለሆነ የሚጠበቀው ጣሪያም ያው 90 በመቶ ነው። በሪአክተሩ የሚገኘው ትርፍ ጊዜ ብቻ መሆኑን ተማሪዎች በገዛ እጃቸው የሚያዩት ሁለቱን መንገዶች አሠርተው ሚዛን ላይ ሲያነጻጽሩ ነው። ለአንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ ከዚህ የሚበልጥ የላቦራቶሪ ትምህርት ማግኘት ያስቸግራል።

ወደ ሌሎች ኤስተሮች ሲኬድ

አሠራሩ አንድ ቢሆንም ሦስት ነገሮች በየኤስተሩ ይታሰባሉ።

የመጀመሪያው ግፊት ነው። በ130 ዲግሪ የንጹሕ ኢታኖል የእንፋሎት ግፊት 6 ባር ገደማ፣ የሜታኖል 8 ባር ገደማ ነው። በሜታኖል ወይም በኢታኖል ሲሠራ የግፊት ገደቡ ከመሣሪያው አቅም ጋር ተነጻጽሮ ይቀመጣል፤ ሙቀቱን ወደ 110 ወይም 120 ማውረድም ይበጃል። ሜታኖል ሲጠጣም ሲተነፈስም መርዝ መሆኑ አይዘነጋም።

ሁለተኛው የሚበዛው ጥሬ ዕቃ ነው። ሁልጊዜ የሚበዛው ርካሹና ለመታጠብ የሚቀለው ነው። ኢታይል አሲቴት ሲሠራ ኢታኖል በውሃ ስለሚታጠብ እሱን ማብዛት ይቻላል፤ ኤስተሩ ግን ራሱ በውሃ በጥቂቱ ስለሚሟሟ ማጠቢያው በጨው ውሃ ይሆናል። ከሳሊሲሊክ አሲድ ሜታይል ሳሊሲሌት ሲሠራ ደግሞ የሚበዛው ሜታኖል ነው።

ሦስተኛው አፋጣኙ ነው። በሰልፈሪክ አሲድ ፋንታ የአሲድ ጠባይ ያላቸው ጥቃቅን የሬዚን ፍሬዎች ሊውሉ ይችላሉ፤ አምበርሊስት 15 ከነዚህ አንዱ ነው። ፍሬዎቹ በማጣራት ይወጣሉ፣ ብዙ ባይካርቦኔትም አያስፈልግም። ግን ከ120 ዲግሪ በላይ ስለማይችሉ የሙቀት ገደቡ 115 ላይ ይቀመጣል፣ ጊዜውም ወደ 30 ደቂቃ ይረዝማል።

የኑግን ዘይት ወደ ሜታይል ኤስተር መለወጥ ከዚህ የተለየ መንገድ ነው። ዘይቱ ቀድሞውኑ ኤስተር ስለሆነ ሥራው አልኮል መለዋወጥ ነው፤ አፋጣኙም ብዙ ጊዜ በሜታኖል የሟሟ ጥቂት የፖታሲየም ወይም የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። የሚፈልገው 60 ዲግሪ አካባቢ ብቻ ስለሆነ የደጋው ከፍታ እዚህ ላይ ብዙም አይጎዳም። ዘይቱና ሜታኖሉ ግን ስለማይቀላቀሉ ማማሰሉ ወሳኝ ነው።

ማጽዳትና ከቀፎ መራቅ

የተለዩት የውሃ ንብርብሮች በአንድ ዕቃ ይሰበሰባሉ፤ አረፋ እስከማይታይ ድረስ ባይካርቦኔት ተጨምሮባቸው በብዙ ውሃ ይለቀቃሉ። የተረፈ ኤስተርና አልኮል በተሰየመ፣ በተዘጋ ብልቃጥ ከእሳት ርቆ ይቀመጣል፤ ወደ ውሃ መውረጃ አይደፋም። ብልቃጡና ፈነሉ ሽታቸው እስኪጠፋ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ይታጠባሉ።

ካፖርቱና ጓንቱ ላቦራቶሪው ውስጥ ይቀራሉ፤ እጅና ፊት ሳይታጠብ ወደ ቤት አይኬድም። ይህ የንጽሕና ደንብ ብቻ አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም ቀፎ በግቢና በጣሪያ ሥር የሚሰቀልባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው፣ ንቦቹም ቁጡ ናቸው። ልብሱ አይሶአሚል አሲቴት የነካው ሰው ለንቦች የሚሸተው እንደ ንድፊያ ጥሪ ነው፤ በቀፎ አጠገብ ሲያልፍ ሊያጠቁት ይችላሉ። ስለዚህ ካፖርቱ ከቀፎ አጠገብ ባለ ገመድ ላይ አይሰጣም፣ ከኤስተሩ ናሙናም ወደ ቤት አይወሰድም። ናሙናው በጠባብ አፍ ብልቃጥ ታሽጎ፣ ስሙ፣ ክብደቱ፣ የተሠራበት ቀንና የቦታው ከፍታ ተጽፎበት በላቦራቶሪው ቁም ሣጥን ይቀመጣል።